የሌላ ሰው ልጅ አይነካም

አግዳሚ ወንበሩ ባዶ ነበር።

ፀጉር ሠሪዋ የገበያ ሕንፃው ላይኛ ፎቅ ላይ ረስታው የነበረውን የጫማ ካርቶን በብብቷ እንደያዘች ባለችበት ደርቃ ቀረች። ልጆቿን አሁን፣ ከአፍታ በፊት፣ እዚሁ አስቀምጣቸው ነበር የሄደችው። ዘጠኝ ዓመት የሞላትንና ክርክር ስለምትወድ ቤተሰቡ «ጠበቃዋ» የሚላትን ትልቋን፣ የአራት ዓመቱን ጉንጬንም። ጉንጬ «አንድ እርምጃ አልራመድም» ብሎ ሲያስቸግራት፣ አጠገባቸው ለተቀመጡት ፀጉራቸው ለነጣ ሴትዮ በጣቷ ልጆቹን አመለከተቻቸው፤ ከዚያ የራሷን ዓይን፣ ከዚያ ላይኛውን ፎቅ። ይሄ ደግሞ ምን ቋንቋ ይጠይቃል? አገሯ ሳለች ገበያ ውስጥ፣ ክሊኒክ ውስጥ፣ «እስቲ እያየሽልኝ» ብላ ስንት ጊዜ ለማታውቃት ሴት ልጅ ትታለች፤ የስንቱንስ ልጅ አቅፋ ጠብቃለች። ሴትዮዋም ፈገግ ብለው፣ ራሳቸውን ነቅንቀው እሺ ብለዋት ነበር።

«ልጆቼ!» ብላ ጮኸች።

ገበያተኛው ሁሉ ዞሮ አያት። በዚህ አገር ሰው አይጮህም። ሕንፃው ራሱ የሚጮህ ሰው እንዳይኖር ተብሎ የተሠራ ይመስል ጸጥ ያለ ነው። እሷ ግን ማንም ይያት ማን ደንታ አልነበራትም፤ ካርቶኑን እንደያዘች በሰው መሀል ሮጠች። መውጫው አጠገብ ባለች በመስታወት በተከለለች ክፍል ውስጥ የጉንጬን ቀይ ሹራብ አየች።

ጉንጬ ክፍሉ መሀል ቆሞ ያለቅሳል። እንባውና ንፍጡ ተቀላቅሎ አገጩ ላይ ደርሷል፤ ትንፋሽ እያጠረው ሁለቱን እጆቹን ወደ ላይ ዘርግቷል፣ የሚያነሳው ፈልጎ። ዙሪያውን ሁለት ጥበቃዎች፣ አንዲት ሻጭና እኚያ አሮጊት ቆመዋል። ሁሉም እጃቸውን ከኋላቸው አጣምረዋል። ጠበቃዋን ደግሞ ከጠረጴዛው ማዶ አስቀምጠዋታል፤ ያ ሁሉ አፍ የት እንደገባ እንጃ፣ ዓይኗን ብቻ ታንከራትታለች።

አንደኛው ጥበቃ በሩ ላይ መዳፉን ዘርግቶ ሊያስቆማት ሞከረ። በክንዱ ስር ሾልካ ገባችና ልጇን አፈፍ አድርጋ አነሳችው።

«ምን ነካችሁ እናንተ! አንድ ሰው እንኳን እንባውን የሚጠርግለት ይጥፋ? ልብ የሚባል ነገር የላችሁም?» ወደ አሮጊቷ ዞረች። «እርስዎም አሉበት? አደራ ብዬዎት ነው እኮ የሄድኩት!»

ደሟ ፈልቶ እንኳን «እርስዎ» ማለቷን አልተወችም። አሮጊቷ ሰዓታቸውን እያሳዩ በለሰለሰ ድምፅ የሆነ ነገር አብራሩላት። ቃሉ አልገባትም። የገባት ነገር ቢኖር እሳቸው ራሳቸው ጥበቃ መጥራታቸው ነው።

ባሏን ያስጠራችው ጠበቃዋ ናት፤ ስልኩን በቃሏ ታውቀዋለች። በያጅ ነው፤ የሚሠራበት ቦታ ቅርብ ስለሆነ ወዲያው ደረሰ። የተቃጠለ ብረት ይሸታል፤ የሥራ ሱሪው ጉልበቱ ላይ በእሳት ፍንጣሪ ተበሳስቷል። «ምን ሆናችሁ?» ይላል ብላ ስትጠብቅ እሷን አልፎ በቀጥታ ወደ ጥበቃው ሄደ። ጎንበስ ቀና እያለ ብዙ ተናገረ። ድምፁ ቀጭን ነበር፤ ይህን ድምፅ ከዚህ በፊት ሰምታው አታውቅም።

«ምን እያልከው ነው?»

«ቆይ፣ ዝም በይ።»

«ምን አልከው አልኩህ!»

«ከገጠር የመጣች ናት፣ አታውቅም አልኩት። በቃ፣ እንዲለቁን ነው።»

ጆሮዋን ማመን አቃታት። አገሯ ላይ፣ ከተማ መሀል፣ አራት ሴት ቀጥራ የምታሠራ የፀጉር ቤት ባለቤት ናት። ቅዳሜ ቅዳሜ ሙሽሮች በሯ ላይ ተሰልፈው ይጠብቋታል። ገጠር የተወለደውስ ቢሆን ልጅ ማስጠበቅ አያውቅም ያለው ማነው?

«እሺ፣ አሁን ደግሞ እኔ የምልህን ንገረው። ልጄ እጁን ዘርግቶ ሲያለቅስ ይሄ ሁሉ ትልቅ ሰው እጁን አጣምሮ ለምን ቆመ? ይሄን ጠይቅልኝ።»

«እዚህ የሌላ ሰው ልጅ አይነካም። ደንባቸው ነው።»

«ጠይቅልኝ አልኩህ!»

ባሏ ዞሮ ሁለት ሦስት ቃል ተናገረ። ጥበቃው ፈገግ ብሎ በሩን ከፈተላቸው።

«ምን አለ?»

«መልካም ቀን ይሁንላችሁ አለ።»

እንዳልጠየቀላት አወቀች። ልጇን እንዳቀፈች ወጣች።

አውቶቡስ ውስጥ ትይዩ ወንበሮች አገኙ፤ እሷ ጉንጬን አቅፋ በአንድ በኩል፣ አባትና ልጅ ፊት ለፊቷ። ጉንጬ አሁንም ይንሰቀሰቃል።

እሷና ልጆቹ ባሏ ወደሚሠራበት አገር የመጡት ትምህርት ቤት ሲዘጋ ነው። ስምምነታቸው ግልጽ ነበር፤ አገሩን አይተው፣ ከወደዱት ሊቀሩ፣ ካልወደዱት እሷና ልጆቹ በመጡበት ሊመለሱ። መመለሻ ቲኬታቸው ለሚመጣው ሳምንት ነው። ባሏ ግን ገና ከአውሮፕላን ማረፊያው ጀምሮ ሌላ ሰው ሆነባት። «አትጩሁ። አትሩጡ። ሰው ላይ አታፍጥጡ።» ፓስፖርታቸውንም «እንዳይጠፋ» ብሎ እዚያው ተቀብሏቸው በጃኬቱ የውስጥ ኪስ ከተተው። ትናንት ራት ላይ ደግሞ፣ ሳያማክራት፣ ለልጆቹ ትምህርት ቤት እንዳገኘ አበሠረ። «ሰኞ ቲኬቱን እሰርዘዋለሁ» አለ። እሷም ልጆቹ ፊት መጨቃጨቅ ስላልፈለገች «እስቲ እናያለን» ብላ ዋጠችው። አሁን ግን ይኸው አየች።

«ላነሳው ስል እኮ ሻጯ በእጇ ተቀመጪ አለችኝ» አለች ጠበቃዋ በድንገት። «ወንድሜ ነው ብያታለሁ። በአማርኛ ነው ግን።»

«ጎበዝ፣ የኔ ልጅ» አለች እናት። ከዚያ ወደ ባሏ ዞረች። «ሰምተሃል?»

«ድምፅሽን ቀንሺ። ሰው ያየናል።»

«ይየና! ማየት እንጂ መንካት አይችሉ!»

ባሏ አንገቱን ደፋ። «አራት ዓመት ብቻዬን ስኖር ምን እንዳየሁ አታውቂም። አንዴ ስምሽ ከተበላሸ ልጆችሽን ይወስዱብሻል። ፈርቼ ነው፣ ገባሽ? ፈርቼ!»

«ፈርተህ ነው ያዋረድከኝ?»

«አዎ።»

ከመጡ ጀምሮ እውነት የተናገረው ይሄኔ ብቻ መሰላት። ድሮ የጎረቤት ልጅ ወድቆ ሲያለቅስ ከሰማ በካልሲው ሮጦ የሚወጣ ሰው ነበር፤ የሰፈሩ ልጆች «ትከሻዬ» ብለው ነበር የሚጠሩት። አሳዘናት። ንዴቷም ሊበርድላት ነበር፣ አውቶቡሱ በኃይል ፍሬን ባይዝ።

ከኋላ እናቷን አምልጣ በመተላለፊያው ድክ ድክ እያለች የመጣች ቢጫ ካፖርት የለበሰች ሕፃን ተስፈንጥራ ግንባሯ ከመያዣው ብረት ጋር ተጋጨ። ወድቃ የተዘረጋችው ባሏ እግር ስር ነው። ወዲያው እሪታዋን ለቀቀችው። እናቷ ከኋላ ከታጠፈ ጋሪና ከሰው ብዛት ጋር ትታገላለች።

ባሏ እግሩን ሰበሰበ። ሁለት እጆቹን ጃኬቱ ኪስ ውስጥ ከተተ።

ጠበቃዋ እጇን ወደ ሕፃኗ ዘርግታ ነበር። የአባቷን ኪስ አየች። ከዚያ ቀስ ብላ እጆቿን መለሰችና እሷም ኪሷ ውስጥ ከተተቻቸው።

እናት ይህን ስታይ እሳት ለበሰች። ጉንጬን አንስታ ባሏ ጭን ላይ ዱብ አደረገችው።

«ተይ!» አለ ባሏ ጥርሱን ነክሶ። «እንዳትነኪያት! በልጆቼ ይዤሻለሁ!»

«በነሱ ነው የምነካት!»

ሕፃኗን አንስታ ደረቷ ላይ ለጠፈቻት። «አይዞሽ፣ አይዞሽ የኔ እናት! ማነው የመታሽ? ይሄ ነው? ቆይ!» ብላ ብረቱን በመዳፏ ጷ! አደረገችው። ሕፃኗ ከመገረሟ የተነሳ ማልቀሷን ረሳች። ጉንጬም ከአባቱ ጭን ላይ ተንጠራርቶ ብረቱን መታላት። ተሳፋሪው ሁሉ ያያል፤ ባሏ ወንበሩ ውስጥ ሊሰምጥ ምንም አልቀረውም።

የሕፃኗ እናት እያለከለከች ደረሰች። ልጇን ተቀበለች፣ ግንባሯን አየች፣ አንድ ነገር ተናግራ ተመለሰች።

«ምን አለች፣ አባዬ?» አለች ጠበቃዋ።

ባሏ ጉንጬን ጭኑ ላይ አስተካክሎ አስቀመጠው።

«አመሰግናለሁ ነው ያለችው።»

ፀጉር ሠሪዋ ቦታዋ ላይ ተቀመጠች። ልጇን አየቻት፤ እጆቿ እዚያው ኪሷ ውስጥ ናቸው።

«እጅሽን አውጪ።»

«አባዬ እኮ...»

«አውጪ አልኩሽ።»

ጠበቃዋ አወጣች። እናትም የራሷን መዳፍ ባሏ ፊት ዘረጋች።

«ፓስፖርቶቹን አምጣ።»

«ምን? እዚህ? ቤት ስንደርስ እንነጋገራለን።»

«እዚሁ።»

«ሰኞ እኮ ትምህርት ቤቱ...»

መዳፏን አላጠፈችም። ባሏ ግራና ቀኙን አየ፤ ሰው እያየው ነው። የጃኬቱን ቁልፍ ፈትቶ እጁን ወደ ውስጥ ኪሱ ሰደደና የሦስቱን አውጥቶ ሰጣት። የራሱን እዚያው ተወው። እሷም ካርቶኑን በከተተችበት ቦርሳዋ ውስጥ፣ ከጉንጬ አዲስ ጫማ ስር አስቀመጠቻቸው።

«ያንተንም ካልክ ቦታ አለው» አለችው።

እሷም ዚፑን ሳትዘጋው፣ ቦርሳውን ጭኗ ላይ አፉን ከፍታ፣ እስከ መውረጃቸው ድረስ ያዘችው።