የአባባ እጀታ

ቴኒስ የምጫወትበትን ተሽከርካሪ ወንበሬን የሠራልኝ አባባ ነው። ብስክሌት ጠጋኝ ነበር። ከጋዜጣ ቆርጬ ያሳየሁትን ፎቶ እያየ፣ የአሮጌ ብስክሌት ብረት ቆራርጦ፣ ጎማዎቹን ከታች ሰፋ አድርጎ በየደው። ያየው ሁሉ ተገረመ። ታዲያ አባባ አይደል፣ ፎቶው ላይ የሌለ ነገር ጨመረበት፤ ከኋላ ሁለት መግፊያ እጀታ።

«ፎቶው ላይ የለም እኮ!» አልኩት።

«ከፊት ስለተነሣ ነው የማይታየው» አለኝ። ደረቅ!

አሰልጣኟ እንደኔው በወንበር የምትሄድ፣ ምላሰኛ ሴት ነበረች። ሜዳ እንደገባን የመጀመሪያዋን ኳስ መታችልኝ። ጎማዬን ገና ሳልነካው ወንበሬ ፈረጠጠ። ዞር ብል አባባ ነው! እጀታውን ጨብጦ፣ ሰንደል ጫማው እየተንጣጣ፣ «ምቺያት! ምቺያት!» እያለ ወደ ኳሷ ያስሮጠኛል። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

አሰልጣኟ ስቃ ስትጨርስ፣ «ጋሼ፣ እኛ ጋ ኳስ ሁለቴ እንዲነጥር የተፈቀደው ራሷ እንድትደርስበት ነው» አለችው። «እጀታው ካልተነሣ ልጅዎ አትጫወትም።»

«ብትወድቅስ?»

«ትወድቃለቻ! እኔስ ስንቴ ወድቄያለሁ።»

አባባ ፊቱን ቅጭም አድርጎ ወደ ቤት ገፋኝ። ከታመምኩ ጀምሮ እኔን መግፋት የእሱ ሥራ ነው፤ ሌላ ሰው ወንበሬን ሲነካ እንኳ ይከፋው ነበር። እኔ ደግሞ መጫወትን ያህል የፈለግኩት ነገር አልነበረም። መንገድ ላይ ንዴቴ ገንፍሎ፣ «አባባ፣ እኔ ጋሪ አይደለሁም!» አልኩት። ይባስ ፈጠን አድርጎ ገፋኝ።

በማግስቱ የቀሰቀሰኝ የብረት መጋዝ ድምፅ ነው።

ሜዳ ስንደርስ አባባ ከሽቦ አጥሩ ውጭ ቀረ። ኳስ ስከተል ከነወንበሬ ተገለበጥኩ። ቀና ብል አጥሩን በሁለት እጁ ጨብጦ፣ ከንፈሩን ነክሶ ቆሟል። አልመጣም። ክርኔ ተልጦ፣ እየተራገምኩ፣ ወንበሩን አቅንቼ ራሴ ወጣሁበት። አባባ ያን ጊዜ ነው እንደ ልጅ ያለቀሰው።

ካረፈ ቆየ። የብስክሌት መጠገኛ ሱቁን የምከፍተው አሁን እኔ ነኝ። የቆረጠውን እጀታ መጣል አልሆነለትም፤ አንዱን በሱቁ በር ላይ፣ ቁጭ ብዬ በምደርስበት ቁመት በይዶት ነበር። ደንበኛ ሲያጉረመርም፣ «ጎንበስ ቢሉ ምን ይሆናሉ?» ይል ነበር።

ጠዋት ጠዋት ያንን ይዤ በሩን ስስብ አባባ ይናፍቀኛል። አንድ ቀን ብቻ መጥቶ ቢገፋኝ፣ ምንም አልለውም ነበር።