የወልደ ሚካኤል ጥድ

አቶ ጴጥሮስ በአንድ እጃቸው የቀይ ቀለም ጣሳ፣ በሌላው ብሩሽ ይዘው ሲመጡ፣ እትዬ ሠርካዲስ ዛፋቸው ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጠው ምስር ይለቅሙ ነበር። ሰፌዱን ከጭናቸው አላወረዱም፤ ቀና ብለውም አላዩ።

«ወይዘሮ ሠርካዲስ፣ እስቲ ትንሽ ፈቀቅ ይበሉልኝ። ግንዱ ላይ ምልክት ላድርግ።»

«የምን ምልክት?»

«ውሳኔውን ሰምተዋል እኮ። ግቢያችን ውስጥ ያለ ፓይን በሙሉ ይቆረጣል። ሌላው ይቀራል።»

ነገሩ የመጣው ከክረምቱ ነው። ነፋስ የበዛ ዕለት ከመኪና ማቆሚያው ዳር የነበረ ትልቅ ፓይን ተገንድሶ የኢብራሂም ቪትዝ ላይ ተጋደመ። ኢብራሂም ተክለ ሃይማኖት ሰፈር የኤሌክትሪክ ዕቃ ይሸጣል፤ መኪናዋን ከሚስቱ እኩል ነበር የሚንከባከባት ይሉታል የብሎኩ ሰዎች፤ ሚስቱ ግን «እኩል» የሚለው ላይ አትስማማም። አቶ ጴጥሮስ የኮሚቴው ሊቀመንበር ናቸውና በማግስቱ ስብሰባ ጠሩ። ጡረታ ሲወጡ ሳይሰበሰቡ የቀሩትን ስብሰባ ሁሉ ልደታ ኮንዶሚኒየም አምጥተው ነው የሚጨርሱት።

«ይሄ ደግሞ ጥድ ነው» አሉ እትዬ ሠርካዲስ። «የሐበሻ ጥድ። ወልደ ሚካኤል በእጁ የተከለው።»

«ፓይን ነው።»

«በምን አወቁ?»

አቶ ጴጥሮስ ዛፉ ራሱ የሚነግራቸው ይመስል ወደ ላይ አንጋጠጡ። «እንዲያው ሲያዩት… ፓይን ይመስላል።»

«እርስዎም ሲያዩዎት ሊቀመንበር ይመስላሉ።»

አቶ ጴጥሮስ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እሁድ ሁሉም ባለበት ይጣራ። ምልክቱ ግን ይደረግ» አሉና ከበርጩማው በላይ፣ ከእትዬ ሠርካዲስ ነጠላ ትንሽ ከፍ አድርገው ቀይ ኤክስ ሳሉ። እትዬ ሠርካዲስ አልተነሱም።

እውነት ለመናገር፣ በዚያ ግቢ ቅጠሉ የቀጠነ ሁሉ ጥድ ነው። ገና ሲደርስ ሰው ከቀረበው ዛፍ ላይ ዝንጣፊ ቆርጦ ሳሎኑ ያቆማል፤ ምንነቱን ማንም አይጠይቅም። የእትዬ ሠርካዲስ ባል ወልደ ሚካኤልም አልጠየቀም። የድሮው ሰፈር ፈርሶ ወደ ኮንዶሚኒየሙ ሲገቡ፣ ችግኙን በዘይት ጣሳ ታቅፎ አይሱዙው ላይ ወጣ፤ ቁም ሳጥኑ ሳይወርድ እሱን ተከለ። «ጥድ ነው ሠርኬ፣ እኛን ይቀብራል» አላቸው። እሱንስ ቀብሮታል።

ማታውኑ እትዬ ሠርካዲስ ፊት ለፊታቸው የምትኖረውን ሀያትን አስጠሯት።

«እስቲ ያንን ስልክሽን ክፈቺና ጥድ ምን እንደሚመስል ፈልጊልኝ።»

ሀያት ፈልጋ አነበበችላቸው። የሐበሻ ጥድ ቅጠሉ እንደ ዓሣ ቅርፊት ደቃቅ ሆኖ ቀንበጡ ላይ የተለጠፈ ነው፤ ፍሬው ክብ፣ ሰማያዊ፣ ከቁንዶ በርበሬ ፍሬ ብዙም የማይበልጥ። ፓይን ግን ቅጠሉ እንደ መርፌ ረጅም ነው፤ መርፌዎቹም ለየብቻ አይበቅሉም፤ ሁለትም ሦስትም ሆነው እግራቸው ላይ በአንድ ስስ ሽፋን ይታሰራሉ። ፍሬው ደረቅ እንጨት ነው፤ ልጆች እየጠለዙ የሚጫወቱበት።

በማግስቱ እትዬ ሠርካዲስ ልደታ ማርያም ተሳልመው ሲመለሱ፣ ከአጥሩ ጥግ ካለው ጥድ ሥር የወደቀ ቀንበጥ በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው አመጡ። ጠረጴዛው ላይ ከራሳቸው ዛፍ ዝንጣፊ ጎን አስቀመጡት። የቤተ ክርስቲያኑ ከነሰማያዊ ፍሬው፣ ለስላሳ ሽሩባ ይመስል ነበር። ከራሳቸው ዝንጣፊ አንድ ቅጠል ነቀሉ። ሦስት መርፌ አንድ ላይ ተነቀለ። ሌላ ነቀሉ። ሦስት።

ሀያት «ሸውሸዌ ነው ይበሏቸው» አለች። «እሱም እኮ ቅጠሉ መርፌ ነው። ማን ይለየዋል?»

«ሸውሸዌን ስትስቢው መጋጠሚያው ላይ ይለቃል፤ መልሰሽ ብትሰኪው ይገጥማል። ልጅ ሆነን ስንጫወትበት ነው ያደግነው።» አንዷን መርፌ ሳቧት። ከመሐል ተበጠሰች። «ይሄ የትም አይለቅም። ወልደ ሚካኤል ሳያውቅ ተሳሳተ፤ እኔ አውቄ ልዋሽለት?»

«ታዲያ ይቆረጥ?»

«ማን አለ ይቆረጥ?»

ተነስተው ወረዱ። የወደቀው ፓይን ግንዱ ተወስዷል፤ ጉቶው ግን ከነሥሩ ተገልብጦ እዚያው ነው። እትዬ ሠርካዲስ ጎንበስ ብለው ዙሪያውን ዞሩት።

እሁድ ሰው ሁሉ ወጣ። ግማሹ ስለ ዛፉ፣ ግማሹ የእትዬ ሠርካዲስን አንደበት ፈልጎ።

«እንግዲህ ይጣራ» አሉ አቶ ጴጥሮስ።

«አጣርቻለሁ። ፓይን ነው።»

አቶ ጴጥሮስ ለክርክር የተዘጋጁበት ሁሉ ከእጃቸው ወደቀ። እትዬ ሠርካዲስ ቅጠል ነቅለው ሦስቱን መርፌ አሳዩ፤ ከመሬት ፍሬ አንስተው እንጨትነቱን በበርጩማው ላይ መትተው አሰሙ። «ባለቤቴ ጫማ ሰሪ ነበር፤ ዛፍ አያውቅም፤ ነፍሱን ይማር። ፓይን ነው፤ አይቆረጥምም።»

«ውሳኔው እኮ…»

«ውሳኔው የተወሰነው ፓይን ይወድቃል ተብሎ ነው። ኑ፣ የወደቀውን እዩት።»

ተከተሏቸው። ጉቶው በአንድ ወገን ሥሩ ረጅምና የተበጣጠሰ ነው። በሌላው ወገን ግን በዶማ እኩል የተከረከመ፤ ከአጠገቡ ክረምቱ ሳይገባ የውሃ ቱቦ የተቀበረበት ቦይ ያልፋል። ቦዩን ማን እንዳስቆፈረ ሁሉም ያውቃል። እትዬ ሠርካዲስ የማንንም ስም አልጠሩም፤ አቶ ጴጥሮስን ብቻ ትክ ብለው አዩ።

«የእኔ ዛፍ ሥሩ ሙሉ ነው። የሚቆርጠው ሰው ሲመጣ በርጩማዬ ላይ ያገኘኛል። አስቀድሜ ነግሬያለሁ።»

«መኪናው የእኔ ነው» አለ ኢብራሂም ከኋላ። ሁሉም ዞረ። ጉቶውን በጫማው ጫፍ ነካ አደረገ። «ይሄን ዛፍ ስረግመው ነው የከረምኩት። እግሩን የቆረጡትን ሰው ወደቅህ ብሎ መርገም ግን… አይሆንም። የእትዬ ይቅር።»

እጅ ይውጣ ተባለ። ብዙ እጅ ወጣ፤ የኢብራሂም ሚስት ሁለቱንም አወጣች። አቶ ጴጥሮስ ቆጠሩ፤ አልጣማቸውም መሰለኝ እንደገና ቆጠሩ። በመጨረሻ «ምልክቱን በቤንዚን አጠፋዋለሁ» አሉ።

«እንዳይነኩት።»

«ለምን?»

«ሊቆረጥ እንደነበር ይታይ። ነገ ሌላ ኮሚቴ ሲመጣ ተሞክሮ እንዳልሆነ ይወቅ።»

ቀዩ ኤክስ እስከ ዛሬ እዚያው ነው። እትዬ ሠርካዲስ ሥሩ ተቀምጠው ምስር ይለቅማሉ። የሚያልፍ ሰው «ጥድዎ እንዴት ነው?» ሲላቸው፣ ቀና ሳይሉ «ፓይን ነው» ይላሉ።