ያልተቆጠሩት ከብቶች

አቶ ገብረ መድኅን ሰው ሲጠይቁ ኖረው ነው ያረጁት። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በባቡሩ መስመር ጠረፍ ላይ፣ በአንዲት የቆርቆሮ ክፍል ተቀምጠው ወጪ ወራጁን «ስምህ ማነው? ወዴት ነው? ለምን? መቼ ትመለሳለህ?» ሲሉ ከረሙ። ጡረታ ወጥተው መካኒሳ አቦ አጠገብ ከአቶ ዲንሳ ግቢ አንዲት ክፍል ሲከራዩም አመላቸው አልለቀቃቸውም። ወተት ይዞላቸው የመጣን ሰው እንኳ «ማን ላከህ?» ሳይሉ አይቀበሉም ነበር። ታዲያ እኒህ ሰውዬ፣ የጥያቄን ነገር እንዲህ ጠንቅቀው የሚያውቁት ሰውዬ፣ በሃምሳ ሁለት ዓመተ ምሕረት የሠሩትን ሥራ ምን ይሉታል?

አከራያቸው ዲንሳ የአገሩ ነባር ገበሬ ነው። መሬቱ ወደ ለቡ አቅጣጫ ይዘልቃል፤ ከብቱ አመሻሹ ላይ ሲገባ ግቢው ይጠበዋል። ስንት ነው ብሎ የሚጠይቀው ግን የለም፤ ቢጠይቅም መልስ አያገኝም። በዚያ ሰፈር ከብት አይቆጠርም። ቁጥሩን ለባዳ የተናገረ ሰው በገዛ አፉ ክፉ ዓይን እንደጋበዘ ነው። ሰው ሁሉ «ምን አለን ብለህ፤ እግዜር ይመስገን» ይላል፤ ጨዋነቱም ደንቡም ይኸው ነው።

የዲንሳ የበኩር ልጅ ቡዜ አሥራ ሁለተኛን በጨረሰች ዓመት፣ ባሕር ማዶ ሄዳ ሦስት ዓመት የማዋለድ ትምህርት እንድትማር ተመረጠች። እናቷ ታናሽ ወንድሟን ሮበሌን ስትወልድ ደም ፈሷት ነው የሞተችው። ቡዜ ያኔ ሰባት ዓመቷ ነበር፤ ከደጅ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች። ከዚያን ቀን ወዲህ ልቧ ሌላ ነገር አልተመኘም።

ፓስፖርቱ ወጣ፤ ዋስ ተጠራ። የቀረው የዚያ አገር የኢሚግሬሽን ሹም ብቻ ነው። ሹሙ ቆንስላው ውስጥ ተቀምጦ መንገደኛውን አንድ በአንድ ይጠይቃል፤ መልሱ ደስ ያላሰኘውን ይመልሳል። ተመልሶ መሞከር የሚባል ነገር የለም። ዲንሳ ጋቢውን አጣፍቶ ወደ ተከራዩ ክፍል ገባ።

«ጋሼ ገብሬ፣ እርስዎ ሲጠይቁ የኖሩ ነዎት። ምን እንደሚላት፣ ምን እንደምትመልስ ያስጠኗት። ልጄን አደራ።»

«ምን ገዶኝ!» አሉ አቶ ገብረ መድኅን። ከልባቸውም ነበር፤ ይህን እንኳ አንካዳቸው።

ግን አንድ ጉድ ነበረባቸው። ከጡረታቸው ጎን ለሰፈሩ ባለጉዳይ ማመልከቻ ይጽፋሉ፤ ስማቸውም ክብራቸውም በዚያ ነው። ዓይናቸውን ደግሞ ሞራ ጋርዶት፣ ከሁለት ዓመት ወዲህ ፊደሉ ሁሉ ጭጋግ ሆኖባቸዋል። ይህን ከቡዜ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ጎራ ትልና የመጣውን ወረቀት ታነብላቸዋለች፤ እሳቸው ይናገራሉ፣ እሷ ትጽፋለች፣ እሳቸው ይፈርማሉ። ሰዉ «አይ የአቶ ገብረ መድኅን እጅ ጽሑፍ!» እያለ ሲያደንቅ ቡዜ አንገቷን ደፍታ ሳቋን ትውጣለች። ለማንም ትንፍሽ አላለች። «አባባ» ነበር የምትላቸው። ሚስትም ልጅም የሌላቸውን ሰው፣ በዚያች ምድር ላይ አባባ የሚላቸው እሷ ብቻ ነበረች።

ልምምዱ ከጓሮ፣ ከቢሳናው ሥር ሆነ። አቶ ገብረ መድኅን የድሮ የኬላ ባርኔጣቸውን ደፍተው በርጩማ ላይ ይጎለታሉ፤ ቡዜ ፊታቸው ትቆማለች።

«ቀና በይ እንጂ! አንገት የሚደፋ ሰው የሚደብቀው ነገር ያለው ይመስላል።»

«ትልቅ ሰው ላይ ላፍጥጥ፣ አባባ?»

«አፍጥጪ! ዛሬ እኔ አባባ አይደለሁም፤ ፈረንጅ ነኝ።»

ቡዜ በሳቅ ፍርስ አለች። ከዚያ ግን ቀጥ ብላ ቆመች። ስሟን፣ የምትማረውን፣ ማን እንደሚከፍልላት፣ የት እንደምታድር በአማርኛም በእንግሊዝኛም ጠጥታው ነበር። አቶ ገብረ መድኅን ኮሩባት። በኬላው ዘመናቸው እንዲህ ያለ መንገደኛ አላጋጠማቸውም።

በሦስተኛው ቀን ይመስላል፣ ከብቶቹ ከወንዝ ሲመለሱ፣ «አባትሽ ምን አለው?» ብለው ጠየቋት።

«ምን አለን ብለው፤ እግዜር ይመስገን።»

ከአጥሩ ወዲያ የዲንሳ ላሞች እየተጋፉ ያገሳሉ። ልጅቷ የሠራችው ስሕተት አልታያትም፤ በወግ ያደገ ሰው የሚለውን አለች። አቶ ገብረ መድኅን ግን ያውቃሉ። ስንቱን ባለ መቶ ግመል «የለኝም» ስላለ ብቻ «መመለሻ የሌለው» ብለው በገዛ እጃቸው ጽፈው ከጠረፍ መልሰዋል! እንዲህ ያለ ሹም የሚሻው ቁጥር ነው። ወደ አገሯ የሚስባት ነገር መኖሩን በቁጥር ካልሰማ አያምንም።

«አይ ቡዜ፣ እዚህ ላይ እንኳ…» ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ። እጃቸው ጉልበታቸው ላይ ካለው ወረቀት ላይ አረፈ። ከጠዋት ጀምሮ ያልተነበቡ ሦስት ማመልከቻዎች ነበሩ። ይህች ልጅ ብትሄድ ማን ያነባል? ማንስ አባባ ይላል? አፋቸው ተዘጋ።

«ጥሩ» አሉ። «ቀጥይ።»

በቃ፣ ይኸው ነው። ሰው አልገደሉ፣ አልሰረቁ። ከዚያ በኋላ እንኳ ዘጠኝ ቀን ነበራቸው። በየማታው «ነገ እነግራታለሁ» እያሉ ተኙ፤ ነጋ፣ አልነገሯትም። ዘጠኝ ጊዜ!

የተቀጠረላት ቀን ቡዜ ነጭ ጫማዋን በእጇ ይዛ፣ ጭቃውን በባዶ እግሯ አልፋ፣ ከአባቷ ጋር እስከ ብስራተ ገብርኤል በእግር ሄደች። እዚያ እግሯን ታጥባ ጫማውን አጠለቀች፤ በመኪና ወደ ከተማ ወጡ። ስትመለስ አቶ ገብረ መድኅን ፊቷን ማየት አላስፈለጋቸውም። ከእግሯ ድምፅ አወቁት።

«ምን ምን አለሽ?»

«ያስጠኑኝን ሁሉ ነው፣ አባባ። ሁሉንም በሥርዓት መለስኩ። ከዚያ አባትሽ ምን አለው አለኝ። ምን አለን፣ ተመስገን አልኩት። መሬትስ አለኝ፤ ትንሽ አልኩት። ከብትስ ቢለኝ፤ ኧረ ጥቂት ናት አልኩት። ብዕሩን አስቀመጠና ‹እንግዲያ ምን ይመልስሻል?› አለኝ። አባቴ አለ፣ ወንድሜ አለ ብለው ማን ይስማኝ! ማኅተሙን መታው።» አፍንጫዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። «እንግሊዝኛዬ ነው፤ ተንተባተብኩ። ይህን ያህል ለፍተውብኝ አሳፈርኩዎ።»

መናገሪያው ያን ጊዜ ነበር። ልጅቷ በማታውቀው ጥፋት ራሷን ስትወቅስ፣ አቶ ገብረ መድኅን ባርኔጣቸውን ከጉልበታቸው ላይ አንሥተው፣ አገላብጠው፣ መልሰው አስቀመጡት።

«እግዜር ያላለው ነው፣ ልጄ» አሉ። ጥፋታቸውን አንሥተው እግዜር ላይ ጫኑት።

ቡዜ ቀረች። ከሰፈሩ ትምህርት ቤት ሕፃናት ፊደል ማስቆጠር ጀመረች፤ ከሰዓት በኋላ እየመጣች ታነብላቸዋለች። የፈለጉትን አገኙ ማለት ነው። ይብላኝላቸው! የምታነበው እያንዳንዱ ቃል ደረታቸው ላይ ሲወርድ ይሰማቸው ነበር። ለነፍስ አባታቸው ቢናዘዙ «ለልጅቱ ንገሯት» አሏቸው። የነፍስ አባት ቀየሩ። አዲሱም ያንኑ አሏቸው።

በሃምሳ አምስት ክረምት የጎረቤታቸው ሚስት ወርቅዬ ምጥ ይዟት ሁለት ቀን ታገለች። በቃሬዛ ተሸክመው ወደ ከተማ ሲሮጡ ብስራተ ገብርኤል ሳይደርሱ አረፈች። ቡዜ ከቀብር መልስ ገብታ በርጩማው ላይ ተቀመጠችና እጆቿን ዘርግታ አየቻቸው።

«ምን እንደሚደረግ ባውቅ ኖሮ፣ አባባ።»

አቶ ገብረ መድኅን ያን ቀንም ዝም አሉ። አፈር ይብላኝ እያሉ፣ ሌሊቱን ሙሉ ሲገላበጡ አድረው፣ ዝም አሉ።

ሃምሳ ስምንት መጣ። ሮበሌ አሥራ ስምንት ዓመት ሞልቶት፣ ለሕክምና ትምህርት ባሕር ማዶ እንዲሄድ ተመረጠ። ያው ቆንስላ፣ ያው ጥያቄ። ቡዜ በደስታ የምትሆነውን አጣች።

«እኔ አስጠናዋለሁ!» አለች። «አባባ ያስተማሩኝ ሁሉ አንድም አልጠፋኝም። እሱ ደግሞ እንግሊዝኛው እንደኔ አይደለም፤ አያፍርም።»

እዚያችው ቢሳና ሥር ወንድሟን አቆመችው። አቶ ገብረ መድኅን በርጩማቸው ላይ ናቸው። አሁን ጭጋጉ ጨለማ ሆኗል፤ የሚለዩት ድምፅ ብቻ ነው። ቡዜ ጉልበቷ ላይ አንድ ማመልከቻ ይዛለች፤ ግማሹን አንብባላቸው ነበር ለልምምዱ ያቋረጠችው።

«ስምህ ማነው?»

«ሮበሌ ዲንሳ።»

«ቀና በል! ለምን ትሄዳለህ? ማን ይከፍልልሃል?» እንደሳቸው ድምፅዋን ታጎረናለች። ሮበሌ ይመልሳል። ከብቶቹ ከወንዝ እየገቡ ነው።

«አባትህ ምን አለው?»

«ምን አለን፤ እግዜር ይመስገን።»

«ጥሩ» አለች ቡዜ። «ቀጥል።»

አቶ ገብረ መድኅን ከበርጩማው ተነሡ። ከዘራቸው ወደቀች።

«አይደለም!» ብለው ጮኹ። «ጥሩ አይደለም! ቁጠርለት! መሬቱን ከየት እስከ የት እንደሆነ ንገረው። ላሙን፣ በሬውን፣ ጥጃውን ሳይቀር በቁጥር ንገረው። የሚመልስህ ነገር እንዳለ የሚያየው በዚያ ብቻ ነው። የለንም ካልከው ይመልስሃል።»

ሮበሌ ፈገግ አለ፤ ሽማግሌው የቀለዱ መስሎት ይሆናል። ቡዜ ግን ወደ ሽማግሌው ዞረች። ከአጥሩ ወዲያ የሰኮና ድምፅ ይሰማል።

«አሁን ነው ያወቁት?» አለች ቀስ ብላ። «ወይስ ያኔም ያውቁ ነበር?»

መዋሸት ይችሉ ነበር። አሁን ሰማሁ፣ አንድ ሰው ነገረኝ ማለት ይቻል ነበር።

«አውቅ ነበር» አሉ። «ልነግርሽ አፌን ከፍቼ ነበር። ወረቀቶቹ ጉልበቴ ላይ ነበሩ። ብትሄጂ ማን ያነብልኛል አልኩ። ለዚህ ነው ቡዜ፤ ሌላ ምክንያት የለኝም። ስድስት ዓመት ሙሉ አንቺ እንግሊዝኛሽን ስትረግሚ ሰማሁ።»

ትጮሃለች ብለው ጠበቁ። ብትረግማቸው፣ ያቺን ማመልከቻ ፊታቸው ላይ ብትቀዳድዳት በወደዱ። ነጠላዋ ሲንቀሳቀስ ሰሙ፤ እግሯ ሣሩን እየረገጠ ወደ አጥሩ ሄደ።

«ሮበሌ፣ አስተውል» አለች። ከዚያ በዚያ ግቢ ማንም በአፉ አውጥቶት የማያውቀውን ነገር ጀመረች። «አንድ። ሁለት። ሦስት።»

«ቡዜ! ተይ እንጂ፣ አባቴ ይሰማል!» አለ ሮበሌ ደንግጦ።

«ይስማ። አራት። አምስት። ያቺ ነጠብጣቧ ስድስት።»

አልፈጠነችም። ላሟ እስክታልፍ ትጠብቃለች፤ ቀጥላ ቁጥሩን ትጠራለች። ዲንሳ ከቤት ወጥቶ ደጃፉ ላይ ቆመ፤ የልጅቱን ፊት አይቶ መሰለኝ አልከለከላትም። አቶ ገብረ መድኅን እንደቆሙ ቀሩ። ሃያ ስትል ወርቅዬ ትዝ አለቻቸው። ሠላሳ ስትል በዚያ ጭቃ ውስጥ በእጅ የተያዘው ነጭ ጫማ። ከዚያ በኋላ የሚያስቡትም አጡ፤ ቁጥሩን ብቻ ሰሙ።

በረቱ ሲዘጋ ተመልሳ መጣች። ከዘራቸውን ከመሬት አንሥታ እጃቸው ላይ አኖረችላቸው።

«አርባ ሦስት ናቸው፣ አቶ ገብረ መድኅን» አለች።

ተቀመጠችና ማመልከቻውን አንሥታ፣ ካቆመችበት ማንበብ ቀጠለች።