በብብት የሞቀ ደም

ሆዮ ባቱሎ ከወደቀች ስድስት ቀኗ ነው። አንጎሏ ውስጥ ደም ረግቶ ግማሽ ፊቷ ወደ ጎን ተጣሟል፣ አይኗንም አልገለጠችም። «ሆዮ»፣ እናቴ፣ የምትላት ልጇ ነስራ ከጽኑ ሕሙማን ክፍሉ ደጃፍ ንቅንቅ አላለችም።

ጉዱ የተሠራው ከትናንት ወዲያ ነው። የሆስፒታሉ የምርመራ ደም የሚያጣራው ማሽን ስለተበላሸ፣ ሲስተር እፀገነት የሆዮን ደም በብልቃጥ ቀድታ፣ በረዶ የሞላ ኩባያ ውስጥ ከትታ ለነስራ ሰጠቻት። ጅግጅጋ መሀል ያለው የግል ላብራቶሪ ቶሎ አድርሺው፣ በረዶው እንዳይለየው አለቻት። እዚያ ተጣርቶ በአውሮፕላን አዲስ አበባ ይሄዳል። ባጃጅ ውስጥ ግን ሀሊሞ፣ የሆዮ ታላቅ እህት፣ ኩባያውን አይታ ደነገጠች። እነሱ ቤት በሽተኛ ብርድ አይነካውም፤ ውሃው ይሞቅለታል፣ መስኮቱ ይዘጋለታል። በረዶውን አስፋልት ላይ ደፍታ ብልቃጧን ነስራ ብብት ውስጥ ወሸቀቻት። መንገዱ ደግሞ በሠርግ መኪና ተዘግቶ አንድ ሰዓት ቆሙ።

ዛሬ ውጤቱ መጣ። ዶክተር አምሀ ወረቀቱን ሁለቴ አየው። ሆሞሲስቲን የሚባለው ነገር ሲበዛ ደም ይረጋል፤ የሆዮ ደግሞ ጣራ ነክቷል። ሲያመነታበት የከረመውን ደም የሚያቀጥን መድኃኒት አሁኑኑ ልጀምርላት አለ። ቁጥሩ ባይሆን ኖሮ አልደፍረውም ነበር፣ ጭንቅላቷ ውስጥ ደም ሊፈስ ይችላል አለ።

ነስራ የተደፋው በረዶ ትዝ አላት። አጠገቧ ሀሊሞ የሙስበሃዋን ዶቃ ትቆጥራለች። ያሳደገቻትን አክስቷን በሰው ፊት እንዴት ታዋርዳት? ዝም ብትልስ? ሲስተር መርፌውን መሙላት ጀምራለች።

«ዶክተር፣ ብልቃጧ በረዶ ውስጥ አልነበረችም። አንድ ሰዓት ሙሉ ብብቴ ውስጥ ነበረች።»

የሀሊሞ ጣት ሙስበሃው ላይ ቆመ። ዶክተሩ ለሲስተር ተዪው የሚል ምልክት ሰጣት። ደሙ ሳይጣራ ሲሞቅ ሴሎቹ ራሳቸው ያንን ነገር ይለቁታል፣ ቁጥሩ ውሸት ሊሆን ይችላል አለ።

«ማነው ያወጣት?»



«እኔ ነኝ» አለች ሀሊሞ። «እህቴን እንዳይበርዳት ብዬ ነው፣ ወላሂ።»

ሌላ ደም ተቀዳ። የበረዶውን ኩባያ ራሷ ሀሊሞ ያዘችው፤ ጣቷ ቢደነዝዝም ለነስራ እንኳን አላቀበለችም።

ከሁለት ቀን በኋላ ቁጥሩ ግማሽ ሆኖ መጣ። አሁንም ከፍ ያለ ነው፣ ግን ለዚያ መድኃኒት የሚያስደፍር አይደለም፤ ያንን ነገር የሚቀንስ የቫይታሚን መርፌ ታዘዘላት። ሆዮ አልነቃችም። ሀሊሞ የእህቷን እግር ዳሰሰችው፣ ቀዝቅዟል። ብርድ ልብሱን አነሳችና፣ ከማልበሷ በፊት ቀና ብላ አልጋው አጠገብ የቆመውን ዶክተር አየችው።