የወንድሜ ኪንታሮት

ታላቅ ወንድሜ መድኃኒት ቤት አለው። ሐኪም አይደለም፤ ይህን ግን ደፍሮ የነገረው ሰው የለም። ነጭ ጋውኑን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ ሰቅሎ ባንኮኒው ኋላ ሲቆም፣ ሰው ገና አፉን ሳይከፍት በሽታውን ያውቅለታል። ሆዱን የያዘ ሁሉ ጨጓራ ነው። ያስቀመጠው ሁሉ አሜባ ነው። ደም ያየ ሁሉ ኪንታሮት ነው። ከነዚህ ከሦስቱ ሌላ የሆድ ሕመም ለእሱ አልተፈጠረም። ሃያ ስድስት ዓመት በሦስት ቃል ኖረ፤ ቤት ሠራ፣ ልጅ አስተማረ፤ ሰፈሩም «ዶክተር» እያለ ጎንበስ ብሎ ሰላም ይለዋል።

እኔ ማተሚያ ቤት ውስጥ ጠራዥ ነኝ። መጽሐፍ እሰፋለሁ፣ ሙጫ እቀባለሁ፣ ጠርዝ አስተካክላለሁ። አርባ አራት ዓመት በሞላኝ ሰሞን አንድ ቀን ጠዋት ሽንት ቤት ገብቼ ደም አየሁ። በሳምንቱ ደገመኝ። ለወንድሜ ልነግረው መድኃኒት ቤቱ ሄድኩ። ደም አየሁ ስለው ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ ከመደርደሪያው ቅባት አውርዶ ወረወረልኝ።

«ኪንታሮት ነው።»

«ጋሼ፣ አባባ እኮ በአንጀት በሽታ ነው የሞተው።»

«አባባ በእርጅና ነው የሞተው።»

«በሃምሳ ስድስት ዓመቱ?»

«አንቺ ቀኑን ሙሉ ተቀምጠሽ ትውያለሽ፤ መቀመጫሽ ነው የከሰሰሽ» አለና ሳቀ። ወረፋ የሚጠብቁ ሦስት ደንበኞች ነበሩ፤ እነሱም ሳቁ። በዶክተር ቀልድ አለመሳቅ ነውር ነው መሰለኝ።

ቅባቱን እዚያው ትቼለት ወጣሁና ሆስፒታል ሄጄ ተራ ያዝኩ። ሐኪሟ በእድሜ እኔን የምታህል፣ ፊቷ የማይፈታ ሴት ነበረች። የአባቴን ነገር ስነግራት እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ካሜራ ባለው ቱቦ ትልቁ አንጀትሽ ይታይ አለችኝ። በዋዜማው አንጀት የሚያጥብ ዱቄት በአራት ሊትር ውኃ በጥብጬ ስጠጣ ዋልኩ፤ ጨው የነሰነሱበት የሳሙና እጣቢ ማለት ነው። ከሽንት ቤት ወንበር ላይ አልተነሳሁም። ክብር የሚባለውን ነገር ያን ቀን ከውኃው ጋር ለቀቅኩት፤ ከዚያ ወዲህ የሚያሳፍረኝ ነገር ጠፍቷል።

ሦስት ፖሊፕ ተገኘብኝ። አንጀት ግድግዳ ላይ የምትበቅል ትንሽ ሥጋ ናት። አንዳንዷ አርፋ ትኖራለች፤ አንዳንዷ በዓመታት ውስጥ ወደ ካንሰር ትለወጣለች። ሁለቱ ምስር ያህላሉ፣ አንዱ የወይን ፍሬ ያህላል። እዚያው በቱቦው ቆርጠው አወጡልኝ። ናሙናው ሲመረመር ትልቁ ገና ካንሰር አልሆነም፤ መንገዱን ግን ጀምሮት ነበር።

«ጥቂት ዓመት ብትቆዪ ኖሮ ዛሬ የምናወራው ሌላ ነበር» አለችኝ ሐኪሟ። «ወንድም እህት ካለሽ ይታዩ። ይሄ ነገር በቤተሰብ የሚሄድ ይመስላል።»

«ወንድሜ መድኃኒት ቤት አለው» አልኳት።

«ታዲያ መድኃኒት ቤቱ ለአንጀቱ ምን ይሠራለታል?»

ሴትዮዋን ያን ጊዜ ወደድኳት።

ወረቀቱን ይዤ ወንድሜ ቤት ሄድኩ። ሶፋው ላይ ተንጋሎ አነበበውና በሁለት ጣቱ መለሰልኝ። «ፖሊፕ የሌለው ሰው የለም። እኔ ግን እግዜር ይመስገን፣ ማንም ሰው በዚያ በኩል ቱቦ አይሰድብኝም» አለ። ይህን ሲል ቀበቶውን በምስማር በስቶ አዲስ ቀዳዳ እንዳወጣለት አየሁ። ፊቱም የተቀቀለ ሊጥ መስሎ ነበር።

ሳህን ላጥብ ወጥ ቤት ስገባ ሚስቱ ተከትላኝ ገባች። በሩን ገጠም አድርጋ፣ ውኃውን ከፍታ፣ «ልብሱን የማጥበው እኔ ነኝ» አለችኝ። «ደሙን ካየሁ ሁለት ዓመት አለፈኝ። ሆድሽ ይፍጀው ብሎኛል።»

ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው ይባላል። እኔን ሰው ፊት መሳቂያ ሲያደርገኝ እሱም ያንኑ ደም እያየ ነበር ማለት ነው! ያንኑ ቅባት እየተቀባ! ባያውቅ ኖሮ አዝንለት ነበር። አውቆ የሚዋሽን ሰው ግን ምን ብዬ ልዘንለት?

በማግሥቱ መድኃኒት ቤቱ ጓዳ ውስጥ፣ በካርቶኖቹ መሃል አፋጠጥኩት።

«ጋሼ፣ ደም ካየህ ሁለት ዓመት ሆኖሃል።»

«ማን ነገረሽ?»

«የነጋሪውን ነገር ተወው። ተመርመር።»

«ሰፈሩ ምን ይላል? ዶክተሩ ሱሪውን አወለቀ ይበሉኝ?»

«አንተ እኮ ዶክተር አይደለህም።»

በሩን ከፍቶ በእጁ መንገዱን አሳየኝ። ምከረው ምከረው፣ እንቢ ካለ መከራ ይምከረው። እኔም ወጣሁ።

መከራው አራት ወር ቆይቶ መጣ። ሆዱ ከደረቀ አምስት ቀን ሆኖታል፤ እሱ ግን ለራሱ ሐኪም ሆኖ ከመደርደሪያው የሚያስቀምጥ መድኃኒት በዓይነት በዓይነቱ እያወረደ ዋጠ። የተዘጋ አንጀት በሚያስቀምጥ ክኒን አይከፈትም፤ ይብሱን ሆዱ ተነፋና ባንኮኒው ኋላ ወድቆ ማስመለስ ጀመረ። ሴት ልጁ ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው፤ መሬት ቀያሽ ናት። ከሥራ ተጠርታ፣ ጭቃ በጫማዋ፣ በመሥሪያ ቤቷ መኪና ሆስፒታል አደረሰችው። እኔም ደረስኩ።

«ችግሩ ከጀመረዎት ስንት ጊዜ ሆነዎት?» አለ ቀዶ ሐኪሙ።

«አንድ ሳምንት» አለ ወንድሜ፣ እያቃሰተ።

«ሁለት ዓመት ከመንፈቅ» አልኩ እኔ።

ሞት ደጃፉ ቆሞ እንኳ የተቆጣው እኔን ነው። በዓይኑ ገረፈኝ።

በግራ በኩል የቡጢ ያህል ዕጢ ወጣለት። ካንሰር ነበር። የአንጀቱን ጫፍ በሆዱ በኩል አውጥተው ሰገራ የሚጠራቀምበት ከረጢት ገጠሙበት። ነቅቶ መጀመሪያ የተናገረው፣ «ለሰው የአንጀት መታጠፍ ነው በሉ» የሚል ነው። ልጁንም ቢሆን ከሐኪሙ ጋር ሳትነጋገር እንዲህ ብሎ ሸኛት። ጠያቂ ሲመጣ ከረጢቱ ድምፅ ያሰማል፤ እሱ ያን ለመሸፈን ይስላል። ጠያቂዎቹ ሳንባውም ተነክቷል ብለው ሄዱ።

ከረጢቱን የምለውጥለት እኔ ነበርኩ። ሚስቱን ይሸታታል፤ ልጁ እንድታይ አይፈልግም። ማጣበቂያውን ልክ አድርጎ ክብ ቆርጦ መለጠፍ ደግሞ የእኔ ሙያ ነው። ትኩስ ውኃ፣ ንጹሕ ጨርቅ፣ መቀስ። እሱ ጣሪያ ጣሪያውን እያየ፣ «ባለፈው ጠርዙ ተነስቶ ነበር፤ ሥራሽን በትክክል ሥሪ» ይለኛል። ምስጋና የሚባል ነገር ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። እያጠብኩት እንቀዋለሁ፤ እየናቅኩትም አጥበዋለሁ።

አንድ ቀን የወንድሜ ልጅ ማተሚያ ቤት መጣችብኝ። ወረቀት መቁረጫው እየጮኸ ስለነበር ውጪ አወጣኋት።

«አክስቴ፣ አንጀት የታጠፈበት ሰው የካንሰር መርፌ ይወጋል?»

የአባባን፣ የእኔን፣ የአባቷንም አንድም ሳላስቀር ነገርኳት። አላለቀሰችም። «እኔንም ውሰጂኝ» አለች።

ወንድሜ ሲሰማ ቤቱን በጩኸት ሞላው። «ምላስሽ ይቆረጥ! ሁለተኛ ደጄን እንዳትረግጪ!» አለኝ። እሺ ብዬ ሄድኩ። በሦስተኛው ቀን ደወለ።

«ከረጢቱ ፈሰሰ።»

«ደጅህን አልረግጥም።»

«በጓሮ በኩል ግቢ» አለኝ። እንዲህ ያለ ሰው ነው እንግዲህ። በጓሮ ገባሁ።

ልጅቷ የተመረመረች ቀን ኮሪደሩ ላይ ተቀምጬ ስጠብቅ፣ ኮቱን ሆዱ ላይ ቆልፎ እያዘገመ መጣ። ምን አመጣህ አላልኩትም። ከእኔ ሁለት ወንበር ርቆ ተቀመጠና አንዲቷን የጋዜጣ ገጽ አንድ ሰዓት ሙሉ አነበበ። በሩ በተከፈተ ቁጥር ጋዜጣውን ዝቅ ያደርጋል።

በመጨረሻ ያች ፊቷ የማይፈታ ሐኪም ወጣች። አንድ ፖሊፕ ተገኝቶ ተቆርጧል፤ ሌላው ሁሉ ንጹሕ ነው። በየጊዜው መታየት ብቻ ይኖርባታል። ወንድሜ ተነሳ፤ ጉሮሮውን ጠራረገ። አሁን እንኳ ያለቅሳል፣ ይቅርታ ይላል ብዬ ጠበቅኩ።

«እኔ ባለሙያ እንደመሆኔ» አለ፣ «ቶሎ መታየት ያስፈልጋል እያልኩ ቤተሰቤን ሁልጊዜ እመክራለሁ።»

ሐኪሟ እሱን አየችው፤ ከዚያ እኔን አየችኝ። አፌን ልከፍት ነበር። ልጅቷ ከማደንዘዣው ገና ሳትነቃ በአልጋ እየተገፋች ወጣች፤ እሱም ጋዜጣውን ጥሎ፣ አንድ እጁ ሆዱ ላይ፣ ከአልጋው ጎን እየተንገዳገደ ሲከተላት አየሁት። ተውኩት።

ሕክምናውን ጨረሰ፤ እስከ ዛሬ በሕይወት አለ። መድኃኒት ቤቱንም ከፍቷል። አሁን ደም ያየ ሰው ሲመጣ፣ «ቅባት አልሰጥህም፤ ሂድና በካሜራ ታይ፣ እኔ ይህን በሽታ ጠንቅቄ አውቀዋለሁ» ይላል። ከየት እንዳወቀው ግን አይናገርም። ባለፈው ወር የአንድ አናጢ ሚስት መጣች። ባሏ በእሱ ምክር ሄዶ ገና በጅምሩ ተደርሶበት ድኗል። እዚያው ባንኮኒው ፊት፣ እኔ እየሰማሁ፣ እጁን ይዛ እያለቀሰች መረቀችው።

እሱም መነጽሩን ከፍ አድርጎ፣ «አሜን» ብሎ ምርቃቱን ተቀበለ።