ሦስት ጠብታ ቫኒላ

የቅምሻው ቀን ከጠዋት ጀምሮ አንድ ቦታ መቀመጥ አቅቶኛል። ወንበር ስቤ እቀመጣለሁ፣ ሳይሞቅልኝ እነሳለሁ። መስኮቱን እከፍታለሁ፤ የውጭ ሽታ እንዳይገባ መስኮት አይከፈት የሚለውን ደንብ ያወጣሁት እኔው መሆኔ ትዝ ሲለኝ መልሼ እዘጋዋለሁ። እኛ የቅምሻ ክፍል ውስጥ ሽቶ ተቀብቶ መግባት ክልክል ነው። ሽንኩርት በልቶ መምጣትም፣ እየቀመሱ ማውራትም እንደዚሁ። አስራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ደንብ የጣሰውን ሁሉ ከበር ስመልስ ኖሬያለሁ። ያን ቀን ግን ከበር መመለስ የነበረባት እኔ ነበርኩ።

ጉንፋን ይዞኝ ሰነበተና ሲለቀኝ አፍንጫዬን ይዞት ሄደ። አስራ አንድ ቀን ሆኖኛል፤ ምንም አይሸተኝም። ጣፋጩን ከመራራው እለያለሁ፣ ቡናውን ከሙዙ ለዪ ብባል ግን ወይ ፍንክች። ሐኪሙ ይመለሳል ታገሺ አለኝ። መቼ ብለው ትከሻውን ሰበቀ። ለማን ልንገር? ዋና ቀማሽ በሆንኩበት መጠጥ ፋብሪካ ውስጥ ስሜን የሚጠራኝ የለም፣ "አፍንጫ" ነው የሚሉኝ። አፍንጫዋን ያጣች አፍንጫ ምን ትባላለች? ዓይኔን በጨው አጥቤ ሥራ መግባቴን ቀጠልኩ።

ጉዱ የፈላው በእህቴ ነው። ታናሽ እህቴ እኔው ቤት ትኖራለች፤ እዚያው ፋብሪካ መቀመሚያ ክፍል በጊዜያዊነት ከተቀጠረች ሁለት ዓመቷ ነው። ፋብሪካው አዲስ ሩም ክሬም ሊያወጣ አስቧል፤ ሩም የሚባለው የሸንኮራ አገዳ አረቄ ከወተት ክሬምና ከስኳር ጋር ተዋህዶ ማጣፈጫ የሚገባበት ወፈር ያለ መጠጥ ነው። ለዚህ አራት ጊዜያዊ ቀማሚዎች አራት ዓይነት ሠሩ፦ ኮኮናት፣ ሙዝ፣ ዝንጅብል፣ የእሷ ደግሞ ቡና። የተመረጠለት ቋሚ ይሆናል፤ የቀሩት ሦስቱ ውላቸው በወሩ መጨረሻ ያበቃል።

ታዲያ ከሥራ ስንመለስ በየቀኑ በትንሽ ጠርሙስ ይዛልኝ ትመጣለች። "እትዬ፣ እስቲ ቅመሺልኝ" ትላለች፤ ገና ጫማዬን ሳላወልቅ። እቀምሳለሁ። አፌ ውስጥ ያለው ወፍራም ጣፋጭ ነገር ነው፣ ሌላ የለም። አልሸተተኝም ማለት ሞት ሆነብኝ። አንድ ነገር ለማለት ያህል፣ ቫኒላ ያንሰዋል፣ በሊትር ሦስት ጠብታ ጨምሪበት አልኳት። በማግስቱ ጨምራ መጣች። አሁንስ ስትለኝ፣ አሁንም ትንሽ ቀረው አልኩ። ምን ቆርጦኝ እንዳልኩት እንጃ፤ እሺ ማለቷ ራሱ ሳያበረታታኝ አልቀረም። አራት ቀን እንዲህ ሄድን።

የቅምሻው ቀን አምስት ቀማሾች ተቀመጥን። የመጠጡ ቀለም እንዳያታልለን ቀይ መብራት በራ። ቁጥር ብቻ የተጻፈባቸው አራት አራት ብርጭቆዎች ቀረቡልን፤ መትፊያ ኩባያ፣ ውሃ፣ አፍ ማጽጃ ቁራሽ ዳቦም አለ። ቀማሚዎቹ ግድግዳውን ተደግፈው ይጠብቃሉ። እህቴን ላለማየት አንገቴን ደፋሁ።

ከጎኔ የተቀመጡት አንጋፋው ቀማሽ ናቸው፤ ሲቀምሱ በጥርሳቸው መሐል አየር ስለሚስቡ ጋሽ ፉጨት ነው የምንላቸው። አንደኛውን ብርጭቆ ቀምሰው ቅንድባቸውን ከፍ አደረጉ፤ እኔም ከአስር ስድስት ብዬ ጻፍኩ። ሁለተኛው ላይ አፋቸውን አጣመሙ፤ አራት ሰጠሁ። የፈተና ወረቀት እንደሚኮርጅ ተማሪ በዚህ ዕድሜዬ የሰው ፊት ስኮርጅ! ሦስተኛውን ገና ከመቅመሳቸው ተፉት። እኔ ግን ደግሜ ቀመስኩ፣ ውሃ ጠጣሁ፣ ለሦስተኛ ጊዜ ቀመስኩ። የእህቴ ይሁን የሌላ ሰው መለየት አቃተኝና ቦታውን ባዶ ተውኩት፤ አራተኛውን ግን እንደ ፊተኞቹ ኮርጄ ሞላሁ።

ነጩ መብራት ሲበራ የጥራት ኃላፊው ነጥብ ማንበብ ጀመረ። ኮኮናቱ እየመራ ነው። ሦስተኛው ቁጥር የእህቴ ቡና ሆኖ ተገኘ፤ ከሌሎቹ አራት ቀማሾች ከአምስት በላይ የሰጠው የለም። ጋሽ ፉጨት ምክንያቱን ሲጠየቁ፣ ቡናው ደህና ቡና ነበር፣ ቫኒላው አፍኖ ገደለው፣ የሕፃን ሳል ሽሮፕ የጠጣሁ መሰለኝ አሉ። ክው አልኩ። ቀና ስል የእህቴ ፊት አመድ መስሏል።

ኃላፊው ወደ እኔ ዞሮ የአንቺ ብቻ ቀርቷል አለ። የዋና ቀማሽ ነጥብ እንደ ሁለት ሰው ይቆጠራል። ዘጠኝ ብዬ ብጽፍ ቡናው ይቀድማል፣ እህቴ ቋሚ ትሆናለች፣ የእኔም ነውር ተሸፍኖ ይቀራል። ከዚያ ያ ሽሮፕ በእሷ ስም ገበያ ይወጣል። እስክሪብቶዬን ከፈትኩ፣ ዘጋሁ፣ እንደገና ከፈትኩ። ከዚያ ሳላስበው ቆምኩ።

"አይሸተኝም" አልኩ። "አስራ አንድ ቀኔ ነው። ቫኒላውን ያስጨመርኳት እኔ ነኝ። እሷ መጀመሪያ የሠራችውን አውጥታችሁ ቅመሱት።"

የእያንዳንዱ ሙከራ ናሙና ቀኑ ተጽፎበት ማቀዝቀዣ ውስጥ ይቀመጣልና የመጀመሪያውን አመጡ። ያለ እኔ አራቱ ቀመሱ። እኔ በሩ ጋ ቆሜ የጣቶቼን ቆዳ እየላጥኩ ፊታቸውን አያለሁ። ጋሽ ፉጨት መትፊያውን ኩባያ ገፋ አድርገው ዋጡት። አዲሱን ነጥብ ኃላፊው አነበበ፤ ቡናው ኮኮናቱን በልጦ ተመረጠ። ለእኔ ደግሞ እስኪሻልሽ ድረስ ቤትሽ ዕረፊ አለኝ፣ በትህትና። እሺ አልኩ፤ ሌላ ምን እላለሁ?

ኮሪደሩ ላይ እህቴ ተከትላኝ ወጣች። እንኳን ደስ አለሽ ብዬ ላቅፋት እጄን ዘረጋሁ። አልቀረበችኝም።

"ቫኒላው መብዛቱን እኮ በሁለተኛው ቀን አውቄው ነበር" አለች። "ምላሴ ነግሮኛል።"

"ታዲያ ለምን ጨመርሽው?"

"አንቺ ነሻ ያልሽው፣ እትዬ።"

ተቆጥታ ብትለው ምንኛ በወደድኩ። የተናገረችው ግን ቀስ ብላ ነው፣ ነገሩ ለራሷም ገና እየገባት እንዳለ። ከዚያ ወደ መቀመሚያ ክፍሏ ተመለሰች። አፍንጫዬ ከሁለት ወር በኋላ መጣልኝ፣ ወንበሬንም መለሱልኝ። እህቴ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ስለምንም ነገር አስተያየቴን ጠይቃኝ አታውቅም፤ እኔም ለምን ለማለት አፍ የለኝም።