ማረውና ቀዩ

ሴትዮዋ የአህያዋን ገመድ እንደያዘች ከሱቁ ደፍ ላይ ቆመችና አንገቷን ወደ ውስጥ አሰገገች።

«ያለ አቻ የቀረ አንድ አለሽ አሉኝ» አለች። «የኔም አንድ ነው። ለምን አናቀናጃቸውም?»

ዘሊካ እግሯን ከስፌት መኪናው መርገጫ ላይ አነሣች። ወሩ ኅዳር ነበር። ውሃው ከፎገራ ሜዳ ሸሽቶ፣ አንድ በሬ ብቻ ያለው ገበሬ እንደሱው አንድ ያለውን ሰው ፈልጎ በመቀናጆ የሚጠምድበት ሰሞን ነው። ሴትዮዋ ቤት የተሳሳተች መሰላት።

«እትዬ፣ እኛ እኮ በሬ የለንም» አለቻት በቀስታ። «ነጋዴዎች ነን። የጋሼ ያየህን ቤት ፈልገው እንዳይሆን? ከወፍጮው ጀርባ ነው።»

«የምን ያየህ! የኡመር ልጅ ዘሊካ አንቺ አይደለሽም?»

«ነኝ።»

«ታዲያ በሬ ማን አለሽ?»

ሴትዮዋ አህያዋን ከበሩ መቃን ጋር አስራ ገባች። ከመቀነቷ እጥፋት ውስጥ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አውጥታ የተቆለሉት ሱሪዎች ላይ ፈታችው። ከጨርቁ ውስጥ ጣት የሚያህል ሰማያዊ የፕላስቲክ ሰው ወጣ። ራሱ ላይ ድፍን ቆብ አለው፤ ጀርባው ላይ ሁለት በርሜል አዝሏል፤ ግራ እጁን ወደ ጎን ዘርግቷል።

«ማረው ይባላል» አለች ሴትዮዋ። «እኔ ሸዋነሽ ነኝ፤ ከርብ ወንዝ ዳር። ልብስ ልትገዛ የመጣች ጎረቤቴ አንቺ ዘንድ አንድ ቀይ እንደሱው ያለ አይቻለሁ ብላ ነገረችኝ።»

ዘሊካ ይህን ሰማያዊ ሰው ሁለት ክረምት ስትፈልገው ኖራለች።

ነገሩ የጀመረው ከሰልባጅ ነው። አባቷ ኡመር ከጎንደር በኤንትሬ የጭነት መኪና የሚያስመጡት የሰልባጅ ቦንዳ ሲፈታ፣ የተቀደደውን መስፋት የተበጠሰውን ቁልፍ መትከል የዘሊካ ሥራ ነበር። መጀመሪያ ግን ኪስ ይፈተሻል። ከኪስ መሀረብ ይወጣል፣ የትኬት ቁራጭ ይወጣል፤ አንዳንዴ ደግሞ የማያውቁት አገር ልጅ ረስቶት የቀረ የጠፈር ሰው ይወጣል። አንዱ አራት እጅ አለው። ሌላው ፊቱ የዓሣ፣ ገላው የብረት ነው። ዘሊካ እነዚህን ከስፌት መኪናዋ በላይ ባለው ሳንቃ ላይ ትደረድራቸው ነበር።

ዝም ብላም አታከማችም፤ ትመዝናለች። ቀለሙ ምን ያህል ይዟል? መጋጠሚያው ላልቷል ወይስ ጠብቋል? መሣሪያው አብሮት አለ ወይስ ጠፍቷል? እንደ ደረጃቸው ከግራ ወደ ቀኝ ያድጋሉ። አዲስ ሲመጣ የድሮዎቹ ቦታ ለቀው ይጠጋጋሉ። ከሁሉም በስተቀኝ፣ በክብር ቦታው ላይ፣ ከነላስቲኩ የታሸገ አንድ ብርማ ሰው አለ፤ ማንም እጅ ነክቶት አያውቅም፤ የዘሊካም ቢሆን። ቤተሰቡ «የታሸገው» ይለዋል።

ከሳንቃው መሀል ደግሞ ባለ ጎማ የመጫወቻ መንኮራኩር አለ። ካቻምና ከነካርቶኑ ነው ከቦንዳ የወጣው። ካርቶኑ ላይ ያለው ሥዕል አንድ ቀይና አንድ ሰማያዊ ሰው ጎን ለጎን ተቀምጠው አቧራ ሲያስነሡ ያሳያል። ቀዩ ካርቶኑ ውስጥ ነበር፤ ሰማያዊው ግን አልነበረም። መንኮራኩሩ በቁልፍ የሚጠመዘዝ ሞላ አለው። ሞላው የሚለቀው ሁለቱም ወንበሮች ላይ ሰው ሲቀመጥ ብቻ ነው፤ ከሰዎቹ መቀመጫ ሥር ያለች እሾህ የመሰለች ነገር ወንበሩ ቀዳዳ ውስጥ ገብታ ትጫነዋለች። ዘሊካ በሰማያዊው ቦታ የክብሪት እንጨት ሞክራ፣ እንጨቱ ውስጥ ተሰብሮ በመርፌ ስታወጣ ውላለች። ስለዚህ መንኮራኩሩ ሲሄድ አይታው አታውቅም። እንዴት እንደሚሄድ ግን ስትሰፋ ሁልጊዜ ታስባለች።

«የፈለግሽውን ነገር ዐይንሽ አይናገርብሽ» ይሏታል አባቷ። አሁንም ይህን አስባ ሰማያዊውን አነሣችና ፊቷን ወደ ብርሃኑ አዞረች።

«ከየት አገኙት?» አለች፣ ግድ እንደሌላት ሆና።

«ከዚሁ! አምና ከአባትሽ ካፖርት ገዝቼ ከኪሱ ወጣ።»

«ከኛ ሱቅ ከሆነማ...»

«ከሆነማ ምን? እርጉዝ ላም ሸጠሽልኝ፣ ስትወልድ ጥጃውን መልሺ ልትይኝ ነው?»

ከጓዳው ሳቅ ተሰማ። ኡመር ክንድ የሚለኩበትን ብረት እንደያዙ ብቅ አሉ። «ልጄ ተረትተሻል» አሉ። «ላም ከነሆዷ ነው የምትሸጠው። ኪሱን ሳልፈትሽ መሸጤ ነው ጥፋቱ።»

«ይሽጡልኝ እንግዲህ» አለች ዘሊካ ወደ ሸዋነሽ ዞራ።

«ማረው አይሸጥም» አለች ሸዋነሽ። «ክረምት ርብ ሞልቶ ከሰው ሲለየኝ ከማን ጋር የማወራ ይመስልሻል? ላሞቹ እንደሆኑ አያዳምጡም። ማረው ያዳምጣል። አንድ ነገሩ ብቻ አንጀቴን በላው፤ ያችን እጁን ዘርግቶ ይኖራል፣ የሚይዝለት የለም። ቀዩን ስሰማ ወንድሙን አገኘሁለት አልኩ።»

ዘሊካ ትንሽ አሰበች። ከዚያ ወንበር ላይ ወጥታ፣ የታሸገውን በሁለት እጇ አውርዳ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«በዚህ ይለውጡኝ» አለች። «ያለኝ ሁሉ ተደምሮ ይህን አያህልም።»

ሸዋነሽ ላስቲኩን አገላብጣ አየችው። «የማላውቀውን እኔ ብቻዬን አልለውጥም። ገማች ይየው።» ወደ በሩ ዞራም በደጅ የሚያልፈውን ሰው ተጣራች። «አበረ! ኧረ አበረ! ና እስቲ ገምትልን!»

አበረ የወረታ የከብት ተራ ደላላ ነው። እሱ ሳይጨብጠውና ሳያራምደው በሬ አይሸጥም ይባላል። ዱላውን ብብቱ ሥር አድርጎ ገባና የሚገመተው ምን እንደሆነ ሲነግሩት እንኳ አልሳቀም። ማረውን አንሥቶ ተንበረከከና መሬት ላይ አቆመው።

«ቁመቱ ደህና ነው። ትከሻው ሰፊ ነው። አፍህን ክፈት ጃል!» ቆቡን መታ መታ አደረገው። «እንቢ ነው? ጥርሱን የማያሳይ ዕድሜውን የደበቀ ነው።»

«ጥርስ የለውም፣ ጋሼ አበረ» አለች ዘሊካ።

«በምን ይበላል?»

«በቱቦ» አሉ ኡመር ኮስተር ብለው።

አበረ የማረውን ጉልበት አጠፈ፣ ዘረጋ። ከዚያ አንገቱና ትከሻው ላይ ቀለሙ ለቆ የነጣውን ቦታ በአውራ ጣቱ ዳሰሰና ፊቱ በራ። «ይኸውላችሁ፣ የቀንበር ምልክት! ይህ የሠራ ነው።»

«ቀለሙ እኮ ነው የለቀቀ» አለች ዘሊካ። ሳታስበው ድምጿ ከፍ አለ። «እትዬ ሸዋነሽ እየያዙት ነው።»

«አንገቱ ላይ ጠጕሩ ያልተላጠ በሬ ማን ያምነዋል? አንደኛ ይህ ነው።» ቀዩንም ከሳንቃው አውርዶ ወገቡን ሊያጥፍ ሞከረ። «ቀዩ ሁለተኛ፤ ወገቡ ደርቋል። ይሄኛው ደግሞ ምን በድሎ ነው ስልቻ ውስጥ የከተታችሁት?»

«አዲስ ስለሆነ ነው። ማንም አልነካውም።»

«ሲቆም አይተሽዋል?»

«አላየሁም።»

«እጁን ሲያነሣስ?»

ዘሊካ ራሷን ነቀነቀች።

«በስልቻ ያለ በሬ አልገምትም» አለ አበረ፤ ተነሥቶም ጉልበቱን አራገፈ።

ኡመር ለልጃቸው ተቆረቆሩ። «አበረ፣ እኔ ዘንድ የመጣ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ‹አልተከፈተም አይደል?› ብሎ ነው። ዕቃና ከብት አንድ ነው እንዴ?»

«ታዲያ ከብት ገማች ለምን ጠራችሁ?» አለ አበረ።

ሸዋነሽ የታሸገውን ወደ ዘሊካ ገፋ አደረገችላት። «አልለውጥሽም። ግን እንደመጣሁበት ልድገምልሽ። መቀናጆ እንሁን። የኔ አንድ፣ ያንቺ አንድ፤ መንኮራኩርሽ ደግሞ ማረሻው። ከገበያ እስከ ገበያ ሦስቱም እኔ ዘንድ፣ ከገበያ እስከ ገበያ ሦስቱም አንቺ ዘንድ።»

ዘሊካ መንኮራኩሩን አየችው። በየሳምንቱ በጥጥ የምትወለውለው ነው። ጭቃ ውስጥ ታያት፤ የላም ኮቴ ሥር ታያት፤ ምድጃ አጠገብ ቀልጦ ታያት።

«እፈራለሁ፣ እትዬ» አለች በመጨረሻ። «ቢሰበር ሌላ አይመጣም።»

ሸዋነሽ አልተቀየመችም። «እውነትሽን ነው። በግድ የተጠመደ በሬ ፈር ያበላሻል።» ማረውን በጨርቁ ጠቅልላ መቀነቷ ውስጥ መለሰችው። «ቅቤዬን ሸጬ ልግባ። ደህና ዋሉ።» አህያዋን ፈታች። አበረም ተከትሏት ወጣ።

ዘሊካ ቀዩን የመንኮራኩሩ ወንበር ላይ አስቀመጠችው፤ አነሣችው፤ መልሳ አስቀመጠችው። ኡመር ጨርቅ እያጠፉ ነበር።

«ያ ሞላ ተጠምዝዞ ነው የሚኖረው?» አሏት ቀና ሳይሉ።

«አዎ፣ አባዬ። ካመጣነው ጀምሮ።»

«ሞላ ተጠምዝዞ ሲቆይ ይዝላል። የግድግዳ ሰዓቴ እንደዚያ ነው የሞተ። የሚሄድ ነገር ሳይሄድም ይሰበራል፣ ልጄ።»

ይህን አስባው አታውቅም ነበር። መንኮራኩሩን ከነቀዩ በሻሿ ጫፍ ሸፈነችና ወጣች።

ዘሊካ ገበያ መሀል ሮጣ አታውቅም። ሰው በበዛበት ስትሄድ ግድግዳ ግድግዳውን ነበር የምትሄደው። አሁን ግን በጨው ተራ አቋርጣ፣ ከቆመው ኤንትሬ ፊት ለፊት አልፋ፣ የአንዲት ሴት ሽንኩርት ልትረግጥ ለጥቂት ተርፋ ሮጠች። «ምን ነካት የኡመር ልጅ?» የሚል ሰማች። «ሌባ እያባረረች ነው መሰለኝ።» «እሷ? ሌባ ብታይ ‹ይቅርታ› ብላ የምታሳልፍ!»

ሸዋነሽን ከቅቤ ተራው ጫፍ፣ ከከብት ተራው ጋር በሚዋሰነው ቦታ፣ ቅቤዋን ሸጣ ቅሏን ስትከድን አገኘቻት።

«አንዴ ብቻ» አለች ዘሊካ እያለከለከች። «አንዴ ብቻ እንያቸው።»

ሸዋነሽ ቅቤ የምትደረድርበትን ጣውላ በቀሚሷ ጠርጋ አመቻቸችላት፤ ማረውንም አወጣችው። ዘሊካ ተቀብላ ከቀዩ ጎን አስቀመጠችው። እሾኋ ቀዳዳዋን አግኝታ ቀጭ አለች። የተዘረጋችው እጁም በልኳ የተሠራ ይመስል የቀዩ ትከሻ ላይ ዐረፈች።

«እሰይ!» አለች ሸዋነሽ። «አየሽው? ወንድሙ ነው አላልኩሽም?»

ዘሊካ ልትመልስላት አፏን ስትከፍት መንኮራኩሩ እንደ ንብ ጮኸ። ከጣውላው ላይ ዘልሎ መሬት ወረደ፤ ተንገዳግዶ ተስተካከለና አቧራ እያስነሣ በቀጥታ ወደ ከብት ተራው ሮጠ። ሁለቱ የጠፈር ሰዎች ተቃቅፈው ተቀምጠዋል። ሰው እየጮኸ መንገድ ለቀቀላቸው።

«ያዘው! አበረ፣ ያዘው!»

አበረ ዘወር ሲል መንኮራኩሩ በሁለት እግሮቹ መሀል አለፈ። ቀንደ ትልቅ የፎገራ በሬ ኮቴ ላይ ሊወጣ ሞከረ፤ ተንሸራተተ፤ እንደገና ሞከረ። በሬው ጎንበስ ብሎ አሸተታቸውና ትንፋሹን እፍ ሲልባቸው መንኮራኩሩ ተገልብጦ ጎማው ወደ ሰማይ ተሽከረከረ። አበረ በዱላው ጎትቶ አወጣውና ከፍ አድርጎ ያዘው።

«ጥማዱ ተገምቷል!» ብሎ ጮኸ። «ግራ ቀኝ አይልም፤ ቀጥ ያለ ፈር ያወጣል!»

ገበያው በሳቅ ፈረሰ። ዘሊካም ሳቀች። መጀመሪያ አፏን በሻሿ ሸፍና ነበር፤ በኋላ መሸፈኑን ረሳችው። ቀዩ ጉንጩ ላይ ጭረት ወጥቶበታል። አየችው፤ ሆኖም ሳቋን አላቆመችም።

«መቀናጆ እንሁን» አለች ሸዋነሽን፣ ትንፋሿ ሲመለስ። «ግን ጭስ ያለበት እንዳያስቀምጧቸው።»

«ከኔ ጣራ ሥር ጭስ የሌለበት የት አለና! ካፖርቴ ኪስ ውስጥ አኖራቸዋለሁ፤ ማረውም የመጣው ከዚያው ነው።»

«ላሞቹስ?»

«ላሞቹ ካፖርት አይለብሱም።»

ዘሊካ መንኮራኩሩን ከአበረ ተቀበለች። ቁልፉን እንዴት እንደሚጠመዘዝና የት ላይ ማቆም እንደሚገባ ለሸዋነሽ አሳየቻት። ከዚያ ከነሁለቱ ሰዎች በሻሿ ጠቀለለችና ሰጠቻት።

«እርስዎ ይጀምሩ» አለች።

«የድለላዬስ?» አለ አበረ መሀላቸው ገብቶ። «ገምቼ፣ አጣምጄ፣ አባርሬ ልቅር?»

ሸዋነሽ ከቅሏ ውስጥ የቀረችውን ቅቤ በጣቷ ጠርጋ አናቱ ላይ ለጠፈችለት። አበረ እየተነጫነጨ፣ ቅቤው ግን እንዳይፈስ ራሱን ቀጥ አድርጎ፣ ወደ በሬዎቹ ተመለሰ።

ዘሊካ ያለ ሻሽ፣ ነጠላዋን ተከናንባ ወደ ሱቁ ገባች። የታሸገውን ከነላስቲኩ ወደ ቦታው መለሰችው። መሀል ላይ ባዶ የቀረውን ቦታ ለሌሎቹ አላካፈለችውም። በሚቀጥለው የገበያ ቀን ሸዋነሽ ሦስቱንም በካፖርቷ ኪስ ይዛ መጣች፤ የዚያ ሳምንት ተራ የዘሊካ ነበር።